የቤቱ የውኃ ግፊት በድንገት ወረደ፤ ስንት ፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ይበቃኛል?

ቤተኛው፦
ጤና ይስጥልኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ በቤታችን ያለው የውኃ ግፊት እጅግ ወርዷል። ሻወሩን ስከፍተው ውኃው ግድግዳውን ታክኮ ይወርዳል፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑም ውኃ አልሞላልኝ ብሎ የስህተት ምልክት እያበራ ቆሟል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲከፈት ለአንድ አፍታ እንደ ቀድሞው በኃይል ይወጣና ወዲያው ቀጥኖ ይቀራል። ሱቆች ሳይዘጉ ዛሬውኑ ፓምፕ ልገዛ ስለሆነ፣ ባለአንድ ፎቅ ለሆነ ቤት ስንት ፈረስ ጉልበት እንደሚበቃ የምታውቁ ቶሎ ብትነግሩኝ ውለታችሁ አይረሳኝም። እባካችሁ «ባለሙያ ጥራ» አትበሉኝ፤ ጠርቻለሁ፣ የሚመጣው ግን ከቀናት በኋላ ነው።

ባልዲ፦
ፓምፑ እስኪገዛ ድረስ የእኔን ወገኖች ይጠቀሙ፤ ባልዲ ግፊት ጠይቆ አያውቅም። ከቁም ነገሩ ግን፣ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከቧንቧው ሥር ያስቀምጡና በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ሰዓት ይያዙ። በ60 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ያገኛሉ ማለት ነው፤ ይህም ለአንድ ሻወር አያንስም። የዚህን እጥፍ ጊዜ ከፈጀ ግን በእርግጥ ችግር አለ። ሳይለካ ፓምፕ የሚገዛ ሰው የሚያስደስተው ሻጩን ብቻ ነው።

ጠብታ፦
መፍትሔው ቀላል ነው። በቧንቧው አፍ ላይ የተጠመዘዘችውን ትንሽ ወንፊት ይፍቱና ይመልከቷት፤ አሸዋ፣ የዝገት ቅርፊትና ነጭ ደለል ሞልቷት ያገኛሉ። አንድ ሌሊት ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዷት፤ የሻወሩንም ራስ እንዲሁ ያድርጉ። ሲፈቱ ፒንሳው እንዳይቧጭረው ጨርቅ ጠቅልለው ይያዙት።

ላይኛው ፎቅ፦
ከጥያቄው ብዙ ነገር ጎድሏል። ውኃው በቀጥታ ከመስመር ነው የሚገባው ወይስ ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር? የደከመው ቀዝቃዛው ነው፣ ሙቁ ነው ወይስ ሁለቱም? አንድ ቧንቧ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? ጎረቤቶችዎስ እንዴት ናቸው? እነዚህን የምጠይቀው ለወግ አይደለም። አንድ ቧንቧ ብቻ ከደከመ ጉዳዩ የዚያ ቧንቧ ወንፊት፣ ውስጡ ያለው ካርትሬጅ (ውኃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) ወይም ከሥሩ ያለው አንግል ቫልቭ (ትንሹ መዝጊያ) ነው። ሙቁ ብቻ ከደከመ ወደ ቦይለሩ የሚያስገባው ቫልቭ፣ የማይመልሰው ቫልቭ (ውኃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ወይም የታጠፈ ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ ማገናኛ ቱቦ) ይጠረጠራል። ጎረቤቱ ሁሉ ከደከመ ችግሩ ከግቢዎ ውጭ ስለሆነ ለውኃ አቅራቢው ከመንገር በቀር ቤት ውስጥ የሚፈታ ነገር የለም።

ባለመፍቻው፦
ከሁሉ በፊት ሰዎች ግፊትን (ውኃው የሚገፋበትን ኃይል) እና ፍሰትን (በደቂቃ የሚወጣውን መጠን) መለየት አለባቸው፤ ይህን ሳያውቁ ስለ ፓምፕ ማውራት ከንቱ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ በግርጌው 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ግፊት ይፈጥራል፤ ስለዚህ ጣሪያ ላይ ያለ ታንከር ከሻወሩ ራስ በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ባለቤቱ የሚያገኘው 0.3 ባር ነው፤ የታንከሩ ስፋት በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ይህ ውኃው ቆሞ ሳለ ያለው ግፊት ነው። ውኃው መሄድ ሲጀምር ደግሞ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር በሚያደርገው ፍትጊያ ግፊቱን ያጣል፤ ኪሳራውም ከውስጥ ስፋቱ ጋር እጅግ በኃይል ይያያዛል። የአንድ ቧንቧ የውስጥ ስፋት በግማሽ ቢጠብና ያንኑ ያህል ውኃ ብናሳልፍበት የግፊት ኪሳራው ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። አሮጌ የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ቧንቧ ተቆርጦ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ከውስጥ ግን ዝገቱ ተደራርቦ እርሳስ የምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ትቀራለች። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ቧንቧዎ አርጅቷል፤ ጊዜ ሳያባክኑ ሁሉንም በፒፒአር (በፕላስቲክ ቧንቧ) ያስቀይሩ።

ቤተኛው፦
ለሁላችሁም አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን የጠየቅሁት ስለ ፓምፕ ነበር። ለማንኛውም ታንከር የለንም፤ ውኃው በቀጥታ ከመስመር ነው የሚገባው። ሙቁም ቀዝቃዛውም ደክሟል፤ የጎረቤቶቻችን ግን ደህና ነው። ከቆጣሪው አጠገብ ያለው የአትክልት ቧንቧ እንደ ድሮው በኃይል ይወጣል። ትናንት የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲቀየር ዋናው ቫልቭ ተዘግቶ ነበር፤ ሥራው እንዳለቀ ግን እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ይህን ቀድሜ ያልጻፍሁት ከጉዳዩ ጋር ስለማይገናኝ ነው።

ባልዲ፦
ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በፍሬም አድርገን ቆጣሪው አጠገብ እንስቀላት።

ልኬት ይቀድማል፦
አቶ ቤተኛው ወይም ወይዘሮ ቤተኛው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በመነሻ ሐሳብዎ አልስማማም። ለእርስዎ የጎደለው ግፊት አይመስለኝም፤ ውኃው በመንገዱ ላይ ታንቋል። ቧንቧው ሲከፈት ለአፍታ በኃይል ወጥቶ ወዲያው መድከሙ ራሱ ምስክር ነው፤ ሁሉም ተዘግቶ ሳለ ውኃው በጠባቡ ቀዳዳ ቀስ እያለ አልፎ ቤቱ ውስጥ ያለውን ቧንቧ በሙሉ ግፊት ይሞላዋል፤ ሲከፍቱት ያ የተጠራቀመው ወዲያው ያልቅና ጠባቡ ቀዳዳ የሚያሳልፈው ብቻ ይቀራል። በዚህ ላይ ፓምፕ ቢያስገቡ የታነቀውን አያሰፋውም፤ ከበስተኋላው እየሳበ በባዶ ይጮኻል፣ ውኃ ሲያጣም ውኃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ማኅተሙ ይቃጠላል። በተጨማሪም ፓምፕን በቀጥታ ከመስመር ጋር ማገናኘት በብዙ ቦታ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ኃይለኛ ስበት በሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ በኩል የአፈር ውኃ ወደ ንጹሑ መስመር ሊያስገባ ስለሚችል ነው። ፓምፕ የሚያስፈልግ ቢሆን እንኳ መስመሩ ታንከር ሞልቶ ፓምፑ ከታንከሩ ይሳባል።

ስለዚህ የግፊት መለኪያ ጌጅ ይፈልጉ፤ የልብስ ማጠቢያው በሚገጠምበት ባለጥርስ ቧንቧ ላይ ይታሰራል። መጀመሪያ በቤቱ ያለውን ሁሉ ዘግተው ያንብቡ፤ ከዚያ ሻወሩን ከፍተው መርፌው የት እንደሚወርድ ይመልከቱ። ተዘግቶም ሳለ ዝቅተኛ ከሆነ የመጣው ግፊት ራሱ አነስተኛ ነው፤ ተዘግቶ ሳለ ደህና ሆኖ ሲከፈት ከወደቀ መንገዱ ላይ ዕንቅፋት አለ።

ንጹሕ ሻወር፦
በእኔ ቤትም እንዲህ ሆኖ ነበር። የሻወሩን ራስ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው ያጽዱት፤ ይስተካከላል።

ጠብታ፦
ይህን ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ቢሆንም ድጋፍ ስላገኘሁ ደስ ብሎኛል።

ላይኛው ፎቅ፦
ሁሉም ቧንቧ በአንድ ሌሊት ከደከመ ሁሉም ወንፊት በአንድ ሌሊት ተደፈነ ማለት ይከብዳል፤ ውኃ ተዘግቶ ሲከፈት የዝገት ቅርፊት ተነሥቶ ወደ ብዙ ቧንቧ መሄዱ ግን አይቀርም። ስለዚህ ኮምጣጤው አይጠላም፤ ግን ሁለተኛ ነው። ለባለመፍቻውም አንድ ነገር ልበል፦ ዝገት በዓመታት ነው የሚያጠብበው፤ ትናንት ከሰዓት ጀምሮ አይደለም። ትናንት የተነካውን ትተን ቤቱን ለማፍረስ ምን አስቸኮለን?

ባለመፍቻው፦
ያረጀ ቧንቧ በሚነካበት ዕለት ነው የሚያምጸው። በአቋሜ እጸናለሁ።

ቤተኛው፦
ጌጁን ከሚያውቀኝ ሰው ተውሼ ለካሁ። ሁሉም ተዘግቶ ሳለ መርፌው 4 ባር ላይ ይቆማል፤ ሻወሩን ስከፍት ከ1 ባር በታች ይወርዳል፤ ስዘጋው ደግሞ በዝግታ እየተንፏቀቀ ወደ 4 ይመለሳል። ዋናውን ቫልቭም ሄጄ አየሁት፤ ክብ እጀታ ያለው አሮጌ የነሐስ ቫልቭ ነው። ሳዞረው ያለ ምንም ክብደት ይዞራል፤ በየትኛውም በኩል መጨረሻ የለውም። ከእርሱ በኋላ ደግሞ ደወል የመሰለ፣ አናቱ ላይ ብሎን ያለው ነገር ተገጥሟል። እንግዲህ ፓምፑን ልተወው?

ልኬት ይቀድማል፦
ይተዉት። የጻፉት ሁሉ ወደ ቫልቩ ያመለክታል። ይህ ጌት ቫልቭ ነው፤ በውስጡ እንደ መዝጊያ የሚወርድና የሚወጣ የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ እጀታው በጥርስ የሚያነሣው እርሱን ነው። ቫልቩ ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ድንገት ሲዘጋና ሲከፈት ሰሌዳው ከዘንጉ ይላቀቃል ወይም ጥርሱ ይበላል፤ እጀታው እስከ ልብ ይዞራል፣ ሰሌዳው ግን ታች እንደወደቀ ይቀራል፤ ውኃውም በጠርዙ በኩል ብቻ ያልፋል። የወጥ ቤቱን ቧንቧ የቀየረልዎ ሰው «ቫልቩን እስከ መጨረሻው ከፍቼዋለሁ» ቢል በእጀታው በኩል እውነት ነው። ሻወሩ ተከፍቶ ሳለ ጆሮዎን ወደ ቫልቩ ቢያስጠጉ የሚያፏጭ ድምፅ መስማትዎ አይቀርም።

ያ ደወል መሳዩ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ነው፤ ብዙዎቹ በውስጣቸው ትንሽ ወንፊት አላቸው፤ የተነሣው ቅርፊትም እዚያ ሊጠራቀም ይችላል። ስለዚህ እርሱም ከጥርጣሬ ነፃ አይደለም፤ ነገር ግን አናቱ ላይ ያለውን ብሎን አሁን አይንኩት። ብሎኑ ግፊትን ይወስናል፤ የእርስዎ 4 ባር ደግሞ ደህና ነው፤ ከዚህ በላይ ቢያጠብቁት ዕንቅፋቱ ሲነሣ የሚጎዳው የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭና ፍሌክሲብሉ ነው።

ላይኛው ፎቅ፦
በዚህ እስማማለሁ። ቫልቩ ሲቀየር ሌላ ጌት ቫልቭ አይግዙ፤ ሙሉ ቀዳዳ ያለው ቦል ቫልቭ ይሁን፤ እጀታው ከቧንቧው ጋር ሲተካከል ክፍት፣ ሲያቋርጠው ዝግ ስለሆነ ለማንም አያሻማም። ልኩ ከቧንቧው ልክ አይነስ። አሮጌውን ከመፍታትዎ በፊት ቆጣሪው ላይ ያለው መዝጊያ በእርግጥ የሚዘጋ መሆኑን በአትክልቱ ቧንቧ ያረጋግጡ፤ እርሱ ካልያዘ ለውኃ አቅራቢው አመልክተው ከውጭ ያስዘጉ፤ አለበለዚያ በ4 ባር የሚወጣ ውኃ ፊት ቴፍሎን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ ጥብጣብ) ሲጠመጥሙ ይገኛሉ። የቦይለሩንም መብራት ያጥፉ፤ ውኃው ቢያጎድል ማሞቂያው በባዶ እንዳይቃጠል ነው።

ጠብታ፦
ውኃው ተመልሶ ሲለቀቅ ደግሞ የሁሉንም ቧንቧ ወንፊትና የሻወሩን ራስ አስቀድመው ይፍቱ፤ ዋናውን በዝግታ ከፍተው ጥርት ያለ ውኃ እስኪወጣ ያፍስሱ፤ ከዚያ መልሰው ይግጠሙ። የማጠቢያ ማሽኑ የውኃ መግቢያ ቱቦ ጫፍ ላይም ወንፊት አለች፤ ብዙ ሰው አያውቃትም። እርሷ ተደፍና ከቀረች ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ማሽኑ ብቻ ያንኑ የስህተት ምልክት ያበራል።

ባልዲ፦
ከተቀየረ በኋላም እንደገና በባልዲ ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉልን። ውጤቱን ሳይናገር የሚጠፋ ጠያቂ እዚህ ብርቅ አይደለም።

ታንከር አለኝ፦
የጠያቂው ጉዳይ ያለቀ ስለመሰለኝ የራሴን ላስከትል። የእኔ ውኃ የሚመጣው ከጣሪያ ታንከር ነው፤ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ከሞላ ወዲህ ሻወሩ እየተንተፈተፈ ቀጭን ውኃ ብቻ ያወጣል፤ ከሥር ያለው ቧንቧ ግን ደህና ነው። እኔም ቫልቭ ልቀይር?

ልኬት ይቀድማል፦
ገና አይቀይሩ። ታንከር ባዶ ሆኖ ሲሞላ አየር ወደ ቧንቧው ይገባል፤ ቧንቧው ወደ ላይ ጎብጦ ተመልሶ በሚወርድበት ቦታም አየሩ ይታሰራል፤ ከታንከር የሚገኘው ጥቂት ግፊት ደግሞ ሊያስወጣው አቅም ያንሰዋል። ዝቅተኛውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍተው ያቆዩት፤ ከዚያ የሻወሩን ራስ ፈትተው ቱቦውን ዝቅ አድርገው ይክፈቱት። መንተፍተፉ ካቆመና ውኃው ቀጥ ብሎ ከወረደ አየሩ ወጥቷል ማለት ነው። ካልሆነ የታንከሩ መተንፈሻ እንዳልተደፈነና በመውጫው አካባቢ ደለል እንዳልተጠራቀመ ይመልከቱ፤ ታንከር ሲጎድል ከታች የተኛው ደለል ሁሉ ወደ መውጫው ነው የሚሄደው።