ወረቀት ስለሌለው ስደተኛ ስንጽፍ፦ እንባ ወይስ ማስረጃ?

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ፦ ለንባብ ቀናችን ወረቀት ስለሌላቸው ስደተኞች የማሳመኛ ጽሑፍ እናቅርብ ተባብለን ነበር። የመጡትን ረቂቆች አነበብኳቸው። አብዛኞቹ ያስለቅሳሉ፤ ለቅሶ ግን የጎደፈ ስም አያጠራም። «ወንጀለኛ ናቸው፣ ሕግ አያውቁም» የሚል አንባቢ ሦስት ገጽ መከራ ካነበበ በኋላ ያዝን ይሆናል፤ ሐሳቡን ግን አይለውጥም። እኔ የምለው ጽሑፉ ክሱን በግልጽ አንሥቶ ይሟገተው ነው።

«ሕግ ጥሰው የገቡ ናቸው» የሚለውን እንውሰድ። በሳዑዲ አረቢያ ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት በተለይ የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ እጅ ነው። በቪዛ፣ በአውሮፕላን ሄዳለች። ደመወዝ ተከልክላ ወይም ተደብድባ ከቤቱ ስትወጣ አሠሪው «ጠፍታብኛለች» ብሎ ያመለክታል። ያን ጊዜ ወረቀት አልባ ሆነች፤ በድብቅ የተሻገረችው ድንበር ግን የለም። ይህን አንድ አንቀጽ አጥርቶ የጻፈ ሰው ከአሥር ገጽ እንባ የበለጠ ይሠራል።

ከመጋላ፦ ወንድሜ፣ ሰው በማስረጃ ይረታል ያለህ ማን ነው? አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ምን እንደሚባሉ እንሰማለን። በቴክሳስ የእስር መዝገብ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት፣ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች በከባድ ወንጀል የሚያዙበት መጠን እዚያው ከተወለዱት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ታዲያ ስድቡ ቀነሰ? አልቀነሰም። የፈራ ሰው ሠንጠረዥ አያነብም።

ከሳቢያን፦ ሁለታችሁም ግማሹን ይዛችኋል። አስተማሪ ነኝ፤ አንዲት ተማሪዬ የቤት ሠራተኛ ሆና ዐረብ አገር ስለሄደች አክስቷ ጽፋለች። «ምስኪን» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። አክስቷ የቤቱን አሮጊት መድኃኒት በሰዓቱ ትሰጣለች፤ ዐረብኛ ማንበብ የተማረችው ከቤቱ ልጆች የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው፤ ማታ ማታ የወጥ ቤቱን ወጪ በደብተር ትመዘግባለች። ከዚያ በአንድ መስመር፦ ስምንት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም፣ ወጣች። ክፍሉ ውስጥ «ሥራ ጠልተው ነው የሚጠፉት» ሲል የነበረው ልጅ ያነሣው ጥያቄ «ገንዘቧን አገኘች?» የሚል ነበር። መጀመሪያ ብቃቷን ስላየ በደሉ ገባው። ምስኪን አድርገን ብቻ ስናቀርባቸው ግን አንዱን የተዛባ ምስል በሌላ መተካታችን ነው።

ከጀጎል፣ ሐረር፦ እህቴ፣ ጽሑፉ ጥሩ ነው። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። በደወሌ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የሚሄዱት የእኛው ልጆች ናቸው። ስደተኛውን ጀግና አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ የደላላ ማስታወቂያ እንዳይሆን እፈራለሁ። የሰፈሬ ወላጆች ይህን ቢያነቡ ምን ይሉናል?

ከከዚራ፦ ሰውየውን ማክበር ደላላውን ማመስገን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው፣ ስደተኞችን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮልም አዘዋዋሪውን ይከስሳል እንጂ የተዘዋወረውን ሰው ስለተዘዋወረ ብቻ ወንጀለኛ አያደርገውም። እኛ ግን በንግግራችን ሁለቱን በአንድ ገመድ እናስራለን። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ስንቱ ቤት «ባዶ እጁን መጣ» እያለ እንደተቀበላቸው የምናውቅ እናውቃለን። ስለዚህ ጽሑፉ ለሪያድ አንባቢ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፤ ለእኛም ነው።

ከለገሃሬ፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ይህች ከተማችን ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ እዚህ ሱቅ ከፍቶ ልጅ አሳድጓል። ድሬዳዋ ላይ ቁጭ ብሎ መጤን መስደብ አያምርብንም። ጽሑፋችሁን ከዚህ ጀምሩት፤ አንባቢው የገዛ አያቱን ያስታውሳል።

ከመጋላ፦ አባታችን፣ በዚህ እስማማለሁ። እርስዎ ያሉት ከጥናቱ ይልቅ የእኔን ሰፈር ሰው ያንቀሳቅሳል። ጥናቱ ግን ይቅር አልልም፤ ለሚጠራጠረው መሐል ላይ ይግባ።

ከጀጎል፣ ሐረር፦ እኔ አሁንም ስለ ጀልባው እና ስለ ደላላው አንድ ሙሉ አንቀጽ ካልገባ ስሜ እንዲሰፍር አልፈልግም። የተማሪዋን ረቂቅ ላኩልኝ፤ አንቀጹን እኔ እጽፈዋለሁ።

ከሳቢያን፦ ነገ አስፈቅጃት እልክልሃለሁ። የአክስቷን ማንነት የሚገልጥ ነገር ካለ ግን ቀድማ እሷ ታውጣው፤ ሴትዮዋ አሁንም እዚያው ናት።