ነገ ጠዋት ክላስ አለኝ፣ መደነስ እንጂ ማስረዳት አልቻልኩም፣ ድረሱልኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ 14 ዓመት መድረክ ላይ ነው የኖርኩት። ጉልበቴ ሜኒስከሱ (መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት) ተቀዶ ኦፕራሲዮን ተደረግኩና ሐኪሙ ዝላይና በአንድ እግር መሽከርከር በቃሽ ሲለኝ ወደ ማስተማር ገባሁ። ዛሬ ሙከራ ነበር፣ 18 ሰው መጣ፣ ፊቴን ወደነሱ አዙሬ ቀኝ ስል ግማሹ ወደ ግራ ይሄዳል፣ አንዷ ደግሞ "ክብደቴን የቱ እግር ላይ ነው የማደርገው" ብላ ጠየቀችኝ፣ ቆሜ እግሬን አየሁት፣ መልሱ ጠፋኝ፣ ሰውነቴ ያውቀዋል አፌ አያውቀውም። መሃል ላይ ሁለት ሰው ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ነገ 3 ሰዓት ላይ ይመለሳሉ፣ ለነገ የሚሆን ነገር ንገሩኝ በናታችሁ

ባዶ እግር፦ ምን ዓይነት ዳንስ? ልጆች ናቸው አዋቂ?

ቀኝ ኋላ ዙር፦ ጀርባሽን ሰጥተሽ አስተምሪ፣ አለቀ።

የድሮ ተማሪ፦ እህቴ መጀመሪያ ይሄን እወቂ፣ ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ የመድረክ ጡረታ አይደለም። ሩሲያዊቷ የባሌ ዳንሰኛ አግሪፒና ቫጋኖቫ በፈረንጅ 1916 ከመድረክ ወርዳ ነው ወደ ማስተማር የዞረችው፣ ዛሬ የባሌ ዳንስ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት በማስተማሪያ ዘዴዋ ነው፣ ራሷ የተማረችበት የሴንት ፒተርስበርግ ትምህርት ቤት እንኳ ከ1957 ጀምሮ በስሟ ነው የሚጠራው። እና ዛሬ ደነገጥኩ ብለሽ

ጠያቂ፦ እሺ አመሰግናለሁ ግን ነገ ጠዋት ነው

መብራት አጥፉ፦ ለምን መድረኩን ተውሽው ግን? ዝላይ በቃሽ ማለት መድረክ በቃሽ ማለት አይደለም። አሜሪካዊቷ ዳንሰኛ ማርታ ግራሃም እኮ 70 ካለፋት በኋላም መድረክ ላይ ነበረች።

ጠያቂ፦ ወንድሜ ደረጃ ስወርድ ራሱ ግድግዳ ይዤ ነው።

ሰባት ስምንት፦ እኔ ጋ ቀኝና ግራ ለሚጠፋባቸው ቀኝ እጃቸው ላይ ላስቲክ አሳስር ነበር፣ አንዱ ሁለቱም ላይ አስሮ መጣ 😂። ወደ ጉዳዩ ስገባ፣ የክብደቱ ጥያቄ መልስ አለው፦ ማንሳት የምትችዪው እግር ነፃ ነው፣ ክብደቱ ያለው ሌላኛው ላይ ነው። ዛሬ ማታ ስቴፑን በጣም ቀስ አድርገሽ ሂጂ፣ በየቁጥሩ ቁሚ፣ የቱን እግር ማንሳት እንደምትችዪ እዪና ከ1 እስከ 8 ወረቀት ላይ ጻፊው። ዘፈኑን ተከትዬ ነው የምሄደው የምትዪ ከሆነም ቁጥሩ የግድ ነው፣ ጀማሪ ዘፈኑን ገና አይሰማውም። ትእዛዙን ደግሞ እንቅስቃሴው ሲደርስ ሳይሆን ሁለት ምት ቀድመሽ 7 ላይ ተናገሪ፣ ምቱ ላይ ከተናገርሽ እነሱ ሁሌም ዘግይተው ነው የሚደርሱት። መጀመሪያ ያለ ዘፈን፣ ከዛ በስልክሽ ፍጥነቱን ወደ 75 ፐርሰንት አውርደሽ።

አዲስ ገቢ፦ ጀርባሽን ብትሰጪያቸውስ?

ቀኝ ኋላ ዙር፦ ብያለሁ እኮ ከላይ

ባዶ እግር፦ መስታወት አለ?

ጠያቂ፦ የለም። ጀማሪዎች ናቸው፣ አዋቂዎች።

ባዶ እግር፦ መስታወት ከሌለ ክላሱን ሙሉ ጀርባ አትስጪ፣ ማን እንደጠፋበት አታዪም፣ ዛሬም ሁለቱ ሳይወጡ በፊት ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። አዲስ ስቴፕ ስታሳዪ ጀርባሽን ስጪ፣ ሲደጋግሙት ዙሪና አፍሽ "ቀኝ" ሲል አንቺ በግራሽ ሂጂ። እሱን ዛሬ ማታ ወንበር አስቀምጠሽ ወንበሩን አስተምሪው፣ አፍሽና እግርሽ እስኪለያዩ ድረስ። በየ15 ደቂቃው የኋላውን ሰልፍ ወደፊት አምጪ፣ ከኋላ የሚደበቀው ነው ቀድሞ የሚወጣው። ስለ ጉልበትሽ ደግሞ፣ እነሱ ሲሟሟቁ አብረሽ ተሟሟቂ። አስተማሪ የሚጎዳው እንዲህ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ሲያወራ ሰውነቱ ይቀዘቅዝና ድንገት "እንዲህ ነው" ብሎ ሙሉውን ያሳያል። ደግሞ ሁሌ በአንድ ጎን አታሳዪ።

ጠያቂ፦ ወንበሩን ጀመርኩት። አፌ እግሬን እየተከተለ ነው ገና

ሰባት ስምንት፦ እንደ ሮቦት ቀስ በዪ

መብራት አጥፉ፦ ክላሱ አለቀ አይደል? ሁለቱ ተመለሱ?

አዲስ ገቢ፦ እኔም እየጠበቅኩ ነው፣ ማክሰኞ እኔም እጀምራለሁ።