የጣሪያችንን ወራጅ ከጭቃ ቤት ጋር በምን ልሰር?

አራት ኪሎ ያለው የእናቴ ቤት የጭቃ ነው፤ ቋሚዎቹ ባሕር ዛፍ፣ ክዳኑ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ። ባለፈው ሚያዝያ ከዝናብ ቀድሞ የመጣ ነፋስ በጓሮ በኩል አራት ቆርቆሮ ከነማገሩ ገንጥሎ ወሰደ። መልሼ መታሁት፤ ምስማርም ጨመርኩ። በሁለተኛው ነፋስ ምስማሮቹ ከእንጨቱ ተነቅለው ወጡ። ድንጋይ ጫንኩበት፤ እናቴ ከሥሩ ስለምትተኛ ግን እንቅልፍ ነሳኝና አወረድኩት።

ነፋሱ በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር በላይ በሚፈጥንባቸው የሀሪኬን አገሮች ጣሪያውን ከግድግዳው፣ ግድግዳውን ከመሠረቱ ጋር በብረት ማሰሪያ ያያይዛሉ። የእኛ ቋሚዎች ግን በቀጥታ መሬት ውስጥ የተቀበሩ ናቸው፤ ሁለቱን ደግሞ ምስጥ በልቷቸዋል። ጭቃውን ሳላፈርስ፣ ወራጆቹን ከጤነኞቹ ቋሚዎች ጋር አጥብቄ ለማያያዝ ጥቁር ሽቦ ይበቃኛል ወይስ የላሜራ ማሰሪያ ላሠራ?