ከልጆች ጋር ለሚውል ሰው ከወንጀል ነፃ ወረቀት ብቻ ይበቃል?

የኮምቦልቻዋ
ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖቼ። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት አለችኝ። የከፈትኳት የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ነው። ብዙዎቹ እናቶች እዚያው በሽፍት ይሠራሉ። እናቷ አምሽታ የምትመጣ የ4 ዓመት ልጅ አለች። ሌሎቹ ሁሉ ሄደው እሷ በሩ ሥር አግዳሚው ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ትቀመጣለች። እኔ ቢሮ ሒሳብ ስሠራ አጠገቧ የሚሆነው ጥበቃው ብቻ ነው።

የድሮው ጥበቃችን አገራቸው ገቡ። አዲስ ሰው መጣ፣ ትሁት ነው። ከወንጀል ነፃ ወረቀቱን በላስቲክ ከቶ አመጣ። ማህተሙ የፎቶውን ጉንጭ ነክቶ አልፏል። ሪከርድ አልተገኘበትም ይላል። የቅጥር ፋይሎቻችንን የሚያይልኝ የሕግ ባለሙያም «የተሟላ ነው፣ ፈርሚ» አለኝ።

ከዚያ አንዲት እናት ጠጋ ብላ «ድሮ ሰፈሩ ከአንዲት ሕፃን ጋር ነገር ነበረበት፣ በሽማግሌ አለቀ» አለችኝ። ከዚህ በላይ አታውቅም፤ እሷም የሰማችው ነው። ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ውሸት ከሆነ የሰው እንጀራ እዘጋለሁ። እውነት ከሆነስ? ባልቀጥረው በሕግ እጠየቃለሁ?

የሕግ ሰው፣ ደሴ
አብሽሪ እህቴ። ወረቀቱ የሚለውን ብቻ እናንብብ። ሪከርድ የለበትም ነው የሚለው። ለልጆች ይሆናል አይልም። በሽማግሌ ያለቀ ነገር ፖሊስ ጣቢያ ካልደረሰ እዚያ ላይ ከየት ይመጣል? የተፈረደበት እንኳ ቢሆን በወንጀል ሕጋችን መሰየም የሚባል ነገር አለ። ጽኑ እስራት የጨረሰ ሰው ከ5 ዓመት በኋላ፣ ሌላው ከ2 ዓመት በኋላ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱ ሊሰረዝለት ይችላል። የተለወጠ ሰው እንዲኖርበት የወጣ ስለሆነ እኔ እደግፈዋለሁ። አንቺ ግን ወረቀት ስታዪ ይህንንም አስቢ።

ደግሞስ በአሻራ ነው የተጣራው ወይስ በስም? እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ገበያ መሐል ቆመሽ መሐመድ ሰይድ ብለሽ ብትጣሪ ስንቱ ነው ዞር የሚለው! አንዱ ሰው ራሱ የቤት ስምና የመታወቂያ ስም ይኖረዋል። በስም ብቻ ከሆነ አሻራ ይስጥ።

ካልፈረምሽ ለመቅጠር አትገደጂም። ብትፈርሚም አዋጅ 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ በጽሑፍ ይሁን። አደራሽን፣ የሰማሽውን ለወላጆች እንዳታወሪ። ስም ማጥፋት ያስጠይቃል፤ ሰውየውንም ጥፋተኛ ያለው ፍርድ ቤት የለም።

የባቲው መምህር
ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጬ አውቃለሁ። አበጋሮቻችን፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ስንት ደም አድርቀዋል፣ እኮራባቸዋለሁ። የልጅ ነገር ግን ለሽማግሌ የሚሰጥ አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 እና 627 ሕፃናትን ማስነወር በግል አቤቱታ የሚከሰስ ወንጀል አይደለም። አባት ይቅር ብያለሁ ስላለ ዐቃቤ ሕግ አይታገድም። ካሳውን የሚቀበለው አባት ነው፣ ያችን ልጅ ማን ጠየቃት? እውነት ከሆነና ይርጋ፣ ማለት ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ካላለፈው ጉዳዩ አላለቀም። የከተማችሁ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሂጂና የሰማሽውን ንገሪያቸው። እነሱ ያጣሩት፣ አንቺ መርማሪ አትሁኚ።

ሐይቅ ዳር
የሥራ ልምድ ደብዳቤውንም አትመኚው። ሕጉ አሠሪን የሚያስገድደው የሥራውን ዓይነት፣ የቆየበትን ጊዜና ደመወዙን እንዲጽፍ ነው። ስለ ጠባዩ ምንም። ለድሮ አሠሪው ስልክ ደውይ። እኔ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምጠይቀው፤ መልሳችሁ ትቀጥሩታላችሁ ወይ? ከዚያ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

የኮምቦልቻዋ
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ደወልኩ። ያነሱት ሰውዬ ሰላምታቸው ደስ ይላል። «ሕፃናት ያሉበት ቦታ ቢሆን መልሰው ይቀጥሩታል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከኋላቸው የሻይ ብርጭቆ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ከዚያ «ሥራ ላይ ጎበዝ ነው፤ እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ዘጉ።

አልፈረምኩም። ሰውየውን አስቀምጬ ሌላ ሰው እንደምፈልግ ነገርኩት፣ የሰማሁትን አላነሳሁም። ወረቀቱን መልሶ ላስቲኩ ውስጥ ሲከት እጁን አየሁትና ሆዴ ተላወሰ። ንጹህ ከሆነ በድዬዋለሁ፣ ይህን አውቃለሁ። ጽሕፈት ቤቱም ሄጃለሁ። ሰምቻለሁ ነው ያልኩት፣ አውቃለሁ አላልኩም። ስሜን መዝግበዋል።

አግዳሚውን ከበሩ አንስተን የወጥ ቤቱ መስኮት ፊት አደረግነው። ልጅቷ አሁን ምግብ አብሳያችን ሽንኩርት ስትልጥ እያየች ነው እናቷን የምትጠብቀው። የሕግ ባለሙያዬንም በሁሉም ውል ላይ አንድ መስመር አስጨምሬዋለሁ፤ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ሰው ከማያይበት ቦታ ብቻውን አይሆንም። መምህርም፣ ጥበቃም፣ እኔም።

አንድ የቀረኝ የሰርቪስ ባጃጁ ነው። ሹፌሩ የኔ ተቀጣሪ አይደለም፣ የሚከፍሉት ወላጆች ናቸው። መጨረሻ የምትወርደው ልጅ ደግሞ ከሱ ጋር ብቻዋን ናት። ይህን እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።