ጥቆማ፦ ቁም ሳጥን ለማይገባበት ክፍል የልብስ ማስቀመጫ

የሽሮ ሜዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሽሮ ሜዳ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። 3 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ነው፤ አልጋ ከገባ በኋላ የተረፈኝ በሩ የሚከፈትበት ቦታና አንድ ጥግ ብቻ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። አከራዬ ደግሞ ሚስማር እንዳልመታ አስጠንቅቀውኛል። ግማሹ ልብሴ ሻንጣ ውስጥ፣ ግማሹ ወንበር ላይ ነው። የጨርቅ ቁም ሳጥን ልግዛ ወይስ የብረት መስቀያ ላሠራ? የሞከራችሁ ካላችሁ አካባቢውን ጭምር ጠቁሙኝ።

የበያጁ ደንበኛ፦
የጨርቁን ተዪው። ምን አለሽ ተራ ሂጂና ብረት አሠሪ። እኔ የማሠራበት በያጅ አልጋዬንም፣ የጫማ መደርደሪያዬንም፣ የእናቴን የምጣድ ማስቀመጫም ሠርቶልኛል። ሌላ ሰው ዘንድ እንዳትሄጂ።

ቀብድ የበሉብኝ፦
ምንም ነገር ከማሠራትሽ በፊት የእኔን ስሚ። አምና አንድ እንጨት ቤት ባለ ሁለት በር የቺፕውድ ቁም ሳጥን አዘዝኩ፤ ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። «ለፋሲካ ይደርሳል» አሉኝ። ፋሲካ አለፈ። ስደውል «ቀለሙ እየደረቀ ነው» ይሉኛል፤ ያዘዝኩት እኮ ላሚኔት ነው፣ የምን ቀለም? በመጨረሻ ሐምሌ ላይ፣ ዶፍ እየዘነበ፣ ሸራ እንኳን ሳያለብሱ በአይሱዙ ጭነው አመጡት። የታችኛው ጠርዝ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፣ በሩ አይገጥምም። «ሲደርቅ ይመለሳል» ብለውኝ ሄዱ። ቺፕውድ አንዴ ካበጠ የት ይመለሳል!

ጎረቤት፦
የትኛው እንጨት ቤት ነው? እኛም ልናዝ ነው።

ቀብድ የበሉብኝ፦
ስም አልጠራም፤ ገና እየተካሰስን ነው።

ሦስተኛ ፎቅ፦
ጥፋቱ የአንተም ነው። በወረቀት ያልሰፈረ ትእዛዝ ትእዛዝ አይደለም። የጣውላው ውፍረት 16 ይሁን 18 ሚሊ ሜትር፣ የማስረከቢያው ቀን፣ የጭነቱን ሂሳብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ሁሉም ተጽፎ ይፈረምበታል። የመጨረሻው ክፍያ የሚሰጠው ደግሞ በሩ ተከፍቶ ተዘግቶ ከታየ በኋላ ነው።

ቀብድ የበሉብኝ፦
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የበያጁ ደንበኛ፦
የእኔ በያጅ ቀብድ የሚባል ነገር አይቀበልም።

ጎረቤት፦
ከማንም?

የበያጁ ደንበኛ፦
ከእኔ።

ሦስተኛ ፎቅ፦
ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ እኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከአልጋዬ በላይ ረጅም መደርደሪያ ሰቅዬ ተገላግያለሁ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይሽከረከርበታል፤ ኮለኑንና ቢሙን፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶውንና አግዳሚውን፣ ፈልጎ መብሳት ነው።

ታዛቢ፦
ጭቃ ቤት ነው፣ ሚስማርም ተከልክያለሁ ብላለች። አንተ ኮለን ፈልጊ ትላታለህ። ሌላኛው የፍርድ ቤት ቀጠሮውን ይነግራታል። በዚህ አያያዝ መስቀያው እስኪገኝ ልብሷ ያልቃል።

ጉለሌ፦
የጨርቁን ቁም ሳጥን ተጠቅሜበታለሁ። ሸሚዝና ቀሚስ ብቻ ለሚሰቅል ሰው መጥፎ አይደለም፤ ተፈታትቶ በፌስታል ስለሚያዝ ለተከራይ ይመቻል። ችግሩ ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበት ፕላስቲክ ነው። ሁለት ካፖርትና አንድ ጋቢ ከሰቀልሽበት ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ዚፑም ቶሎ ይበላሻል።

የበያጁ ደንበኛ፦
ብያለሁ! ብረት ብረት ነው። የእኔ መስቀያ አንድ ጎማው ብቻ ነው የወለቀው፣ እሱም የጎማው ጥፋት ነው። ሁለተኛው ጎማ ቀድሞውንም አልነበረውም።

እናት፦
ልጄ፣ ጨርቅም ይሁን ብረት ክረምቱን አስቢ። ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ሥር ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ እርጥበት ይይዛል። የምትገዢው ነገር ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ እግሩም በጡብ ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ ነሐሴ ላይ ሻጋታ ታገኚበታለሽ። የጨርቁን ከመረጥሽ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ዚፑን ከፍተሽ አናፍሺው። በደንብ ያልደረቀ ልብስ በፍጹም እንዳትከቺበት።

ጥጉን ሳትለኪ አትግዢ። ተራ ማንጠልጠያ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ልብስ ሲጨመርበት 55 እስከ 60 ይፈልጋል። ጥጉ ከዚያ ካነሰ ባለ መሳቢያ የፕላስቲክ መደርደሪያ ይሻልሻል፤ የሚታጠፍ ልብስ በ40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። የአልጋውን እግሮች በብሎኬት ከፍ ብታደርጊያቸው ሻንጣዎቹ ከሥሩ ይገባሉ። ጥልፍ የበዛበትን የሐበሻ ቀሚስ አትስቀዪው፣ በክብደቱ ይለጠጣል፤ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስተኚው። ብል የሚወደው ሱፍ ነው፤ ሹራብሽን አጥበሽ አድርቀሽ በሚዘጋ ነገር ውስጥ አኑሪ። ናፍታሊን ግን በምትተኚበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አይመከርም።

ለአከራይሽም ንገሪያቸው፦ በጭቃ ግድግዳ ላይ ሚስማር ማገሩን ካላገኘ ልስኑን ያረግፋል እንጂ አይይዝም። የከለከሉሽ እውነታቸውን ነው።

ሚሚ፦
እናት፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ቀለም ለቆ ነጩን ሲያበላሸው ምን ይደረጋል?

እናት፦
ቀለሙ ሳይደርቅ ከሆነ ቶሎ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቂው፤ ሙቅ ውኃ አታስነኪው። በረኪና ደግሞ ጥለቱን ይጨርሰዋል።

የሽሮ ሜዳዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለካሁት፤ ጥጉ 52 ሳንቲ ሜትር ነው።

የበያጁ ደንበኛ፦
በቂ ነው! እርሱ ያስገባልሻል።

ሦስተኛ ፎቅ፦
አይበቃም። አሁን ከላይ ተጽፏል እኮ።

የበያጁ ደንበኛ፦
እርሱን አታውቀውም።

ጀሞ፦
ትንሽ የተጠቀምኩበት የጨርቅ ቁም ሳጥን አለኝ፣ በርካሽ እሸጥልሻለሁ። አንድ ዘንግ ብቻ ጎድሎታል።

ታዛቢ፦
የትኛው ዘንግ ነው?

ጀሞ፦
የላይኛው።

ታዛቢ፦
ታዲያ ልብሱ ምን ላይ ይሰቀላል?

ጀሞ፦
ዋጋውን የቀነስኩት ለዚያ ነው።