በኒው ዮርክ የተቃጠለው ድምፅ፦ ሕግ ማክበር ወይስ ነጠቃ?

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ። እ.ኤ.አ. በ1792 ለኒው ዮርክ ገዥነት ጆርጅ ክሊንተንና ጆን ጄይ ተወዳደሩ። ክሊንተን 8,440፣ ጄይ 8,332 ተባለ። ልዩነቱ 108 ድምፅ ብቻ ነው። ግን ኦትሴጎ፣ ቲዮጋና ክሊንተን የሚባሉት የሦስት አውራጃዎች ድምፅ ሳይቆጠር ተጣለ። ልክ ነበር ትላላችሁ?

የሕግ ባለሙያው፦ ልክ ነበር። ሕጉ የድምፅ ሣጥኑን ሸሪፉ፣ ማለትም የአውራጃው ሕግ አስከባሪ፣ ወይም ምክትሉ ያስረክብ ይላል። የኦትሴጎው ሸሪፍ የሥራ ዘመኑ አልቋል። የቲዮጋው ምክትል ታሞ ሣጥኑን ለጸሐፊው ሰጠ። በክሊንተን አውራጃ ደግሞ ያመጣው ሰው የጽሑፍ ውክልና የለውም። ከእጅ ወደ እጅ የዞረን ሣጥን ማን ያምናል? ሴናተሩ አሮን በርም የኦትሴጎው አይቆጠር ብሎ መክሯል።

መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ ሩፎስ ኪንግ ይቆጠር ብሎ መምከሩንስ ለምን ዘለልከው? ሁለቱም የኒው ዮርክ ሴናተሮች ነበሩ። እስቲ ኦትሴጎን ብቻ እንይ። የድሮው ሸሪፍ ዘመኑ አልቋል። አዲሱ ተሹሟል፣ ግን ገና ቃለ መሐላ አልፈጸመም። ታዲያ ሣጥኑን ማን ያድርሰው? ገበሬውስ ምን አጠፋ? ያኔ ገዥ ለመምረጥ እኮ 100 ፓውንድ የሚያወጣ መሬት ያስፈልግ ነበር። ያን አሟልቶ፣ መርጦ ቤቱ ገባ። ጥፋቱ የሹማምንቱ፣ ቅጣቱ የሱ ሆነ።

ሌላ ተሳታፊ፦ ኦትሴጎም ንጹሕ አልነበረም። ዳኛው ዊልያም ኩፐር ለሰፋሪዎቹ መሬት የሸጠ ባለጸጋ ነው። ጄይን ምረጡ እያለ ሰው አስፈራርቷል ተብሎ ተከሷል።

መምህርቷ፦ እንደዚያ ከሆነ ኩፐር ይመርመር። ድምፁን የጣሉት ግን በሱ ምክንያት አይደለም። ቆጣሪዎቹ 12 የምክር ቤት አባላት ናቸው፣ ብዙዎቹ የክሊንተን ወገን። ውሳኔያቸው ይግባኝ የለውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ወረቀቶቹ መቃጠላቸው ነው። ከዚያ በኋላ ማን እንዳሸነፈ በምን ይታወቃል?

ጠያቂው፦ ጄይ ያኔ የአሜሪካ ጠቅላይ ዳኛ ነበር። ደጋፊዎቹ ሲቆጡ ተረጋጉ አላቸው። በ1795 ደግሞ ለድርድር እንግሊዝ ሄዶ ገና ሳይመለስ ገዥ ሆኖ ተመረጠ።

የሕግ ባለሙያው፦ እህቴ፣ ስለ መቃጠሉ እውነትሽን ነው። ቢያንስ ታሽጎ መቀመጥ ነበረበት። የኦትሴጎውም ነገር አሁን ከበደኝ። ውክልና የሌለው ሰው ያመጣውን ግን ዛሬም አልቆጥርም።

መምህርቷ፦ እኔ እቆጥረዋለሁ፣ ማሸጊያው ካልተነካ።