የጠፋ ሰው ፍለጋ፦ ጀማሪ በጎ ፈቃደኛ ምን ይልመድ?

ጥያቄ (ጀማሪዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጫካና ተራራ ላይ የጠፉ ሰዎችን ለሚፈልግ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ልመዘገብ ነው። በእግር መሄድ አይከብደኝም። ካርታ ማንበብ ግን እምብዛም ነኝ፣ የምተማመነው በስልኬ ነው። ሥልጠናው እስኪጀመር ምን ልለማመድ?

መልስ (ካርታ ወዳዱ)
በርቺ እህቴ! የስልክ ጂፒኤስ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ ካርታውን አስቀድመሽ አውርጂ። ጣጣው ባትሪው ነው፣ ብርድ ላይ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ኮምፓስ ልመጂ። ስታነቢው ስልክና ሬዲዮ አርቂ፣ መርፌውን ያስቱታል። አቅጣጫሽ በ10 ዲግሪ ከተሳሳተ 1 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ ከመስመርሽ 175 ሜትር ገደማ ትወጫለሽ።

መልስ (የዱካ ሰው)
ካርታው እውነት ነው፣ እኔ ግን ዓይንና ጆሮ አስቀድማለሁ። የጠፋው ሰው አንድ ነው፤ ጥሎት የሚያልፈው ምልክት ግን ብዙ ነው። የጫማ ዱካ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ። ዱካ ካየሽ አትርገጪው፣ ዕቃ ካገኘሽ አታንሺው። ፎቶ አንሺ፣ ቦታውን መዝግቢ፣ ለቡድን መሪሽ ንገሪ። ዱካ ጎልቶ የሚታየው ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው፣ ጥላ ስለሚሠራ። ሌሊት ባትሪሽን ወደ መሬት አስጠግተሽ በጎን አብሪ።

ወደ ኋላም እየዞርሽ እዪ። ቁጥቋጦው ስትመጪ የሸፈነብሽን ስታልፊው ያሳይሻል።

ስም ስትጣሪ ደግሞ ቁሚ። ጠርታችሁ ሁላችሁም ዝም በሉ። እየጮኹ መሄድ የደከመ ሰው ድምፅ ይውጣል። ትንሽ ልጅ እንግዳ ሰው ፈርቶ ሊደበቅ ይችላል። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አዛውንትም ስማቸው ሲጠራ ላይመልሱ ይችላሉ። መልስ ስላልመጣ ቦታውን አትለፊው፤ ቅጠሉን ገልጠሽ እዪ።

ጥያቄ (ጀማሪዋ)
እግዜር ይስጥልኝ። ብርድ የመታውን ሰው ብናገኝ እጅና እግሩን እንሸው?

መልስ (ነርሷ)
በፍጹም አታሹት። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ አንደበት ይተሳሰራል፣ እግር ይንገዳገዳል። መንቀጥቀጡን ካቆመ ተሻለው አትበሉ፣ ብሶበት ሊሆን ይችላል። አጋድሙትና ቀስ ብላችሁ ያዙት፤ በጣም የቀዘቀዘ ልብ ሲንገጫገጭ ምቱ ሊዛባ ይችላል። ከሥሩ አንጥፉለት፣ ከነፋስ ከልሉት፣ ሙቀት ደረቱ ላይ አድርጉ። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ጣፋጭ መጠጥ ስጡት። አልኮል ግን አይሆንም።

መልስ (ካርታ ወዳዱ)
ለቦርሳሽ፦ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ከነትርፍ ድንጋዩ፣ የዝናብ ልብስ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ለ24 ሰዓት የሚበቃ ምግብና ውሃ፣ ፊሽካ። ሳትሰማሪ በራስሽ አትውጪ፣ ብቻሽንም አትሁኚ፤ አንቺም ከጠፋሽ ቡድኑ ሁለት ሰው ሊፈልግ ነው። ፊሽካ 3 ጊዜ መንፋት በብዙ ቦታ «ድረሱልኝ» ማለት ነው። በአልፕስ ተራሮች ግን ጥሪው በደቂቃ 6፣ መልሱ 3 ነው። ቡድንሽ የትኛውን እንደሚጠቀም መጀመሪያ ጠይቂ።